አንድ ክር፣ ሁለት ቅንድብ

ለማንም ሳልነግር መቀመጥ አልቻልኩም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ መሐል ያገኘኋትን ጓደኛዬን አቁሜ ነግሬያታለሁ። ሴቻ ላሉት አክስቴ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ለማላውቃት ልጅ ሳይቀር፣ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ ነግሬያታለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ስሙኝ! ቅንድብን እቤት ቁጭ ብሎ፣ በራስ እጅ፣ ሳይቆርጡ ሳያቆስሉ፣ አምሮና መስመር ይዞ እንዲታይ ለማድረግ አንድ የጥጥ ክር ይበቃል። ወረንጦ አላልኩም። ምላጭ አላልኩም። በእሳት የሚቀልጥ ሰምም አላልኩም። ክር! ቁልፍ የምንተክልበት፣ የተቀደደ የምንጠቅምበት፣ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚኖረው ክር!

ምስጢሩን ያወጣችልኝ ጎረቤቴ ናት። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ልጅ። ቡና ጠርታኝ አቦሉን ጠጥተን ቶናው እስኪፈላ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዛ መጣች።

«ነይ እስቲ፣ ወደ ደጁ ዙሪ፤ ብርሃኑ ላይ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ዓይንሽን ጨፍኚና ቆዳሽን ከላይም ከታችም በጣትሽ ወጥሪልኝ። ሌላ ሥራ የለብሽም።»

የክሩን ጫፍ ነከሰች፤ ሁለት እጆቿን አመሳቀለች፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጥር… ጥር… ጥርርር! ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀመ ከሚያስለቅሰኝ ጋር አይወዳደርም። ክሩ አንድ ረድፍ ጸጉር በአንዴ ጠርጎ ይሄዳል፤ ሕመሙ ገና ሲጀምር ያልቃል። ቶናው ሳይቀዳ ሁለቱም ቅንድቦቼ አለቁ። መስታወቱን ስትሰጠኝ ጮህኩ! ፊቴ ያው ፊቴ ነው፤ አፍንጫዬም ጉንጬም አልተነካም፤ ግን ዓይኖቼ ከፍ ብለዋል፣ ከሽፋሽፍቴ በላይ ያለው ቦታ ጠርቷል፣ ቅንድቤ ከመነሻው እስከ ጭራው አንድ ንጹሕ መስመር ይዞ ይወርዳል። ጸጉር ቤት ተሰልፌ፣ ከፍዬ፣ ተቃጥዬም አግኝቼው የማላውቀው መስመር!

ደግሞ አሠራሩን ስሙ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ክሩ መሐሉ ላይ ሲጠመዘዝ በግራና በቀኝ ሁለት አፍ ይከፈታል። በአንዱ በኩል ጣቶቻችሁን ስትከፍቱ ጥምዝምዙ ወደ ሌላው በኩል ይሮጣል። ሲሮጥ መንገዱ ላይ ያገኘውን ጸጉር ሁሉ ይጠመጥምና ከነሥሩ ይዞት ይወጣል። አለቀ! ስለት የለም፣ ኬሚካል የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። መብራት ቢጠፋ የማይቆም፣ ውሃ ቢቋረጥ የማይጓደል ሥራ! ያ ጥምዝምዝ ደግሞ ጸጉሩን እንጂ ቆዳውን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ሰም የላይኛውን ስስ ቆዳ አብሮ ሲገፍፍ ክሩ ከላይ እየዳሰሰ ያልፋል። ከጉንጭ ላይ ለስላሳውን ጸጉር፣ ከላይኛው ከንፈር ላይ ሪዝ የምትመስለውን ጥላ ሳይቀር ያነሳል። ወረንጦ የማይጨብጣትን ደቃቅ ጸጉር እንኳ አይምርም።

የቆየ ጥበብ ነው። በኢራን ባንድ አንዳዚ ይሉታል፤ በድሮው ወግ ልጃገረድ ፊቷን በክር የምታስነሳው ስትዳር ነበር፤ ቅንድቧን ዓይቶ ያገባች መሆኗን ሰው የሚያውቅበት ዘመን ነበር። በግብፅ ፈትላ ይባላል። በሕንድ ከተሞች ክሩን በጥርሷ ነክሳ የምትሠራ ባለሙያ የሌለችበት ሠፈር ማግኘት ይከብዳል፤ ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ ለንደንና ኒውዮርክ ድረስ ሰው ከፍሎ ይሠራበታል። ወደ እኛ መንደርስ ማን አመጣው? እኔ የማውቃቸው በክር የሚሠሩ ሴቶች አብዛኞቹ የተማሩት ቤሩት፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ነው። ስለ አረብ አገር ስናወራ የተላከውን ገንዘብና የደረሰውን መከራ ነው የምናወራው፤ ሁለቱም እውነት ነው። እነዚህ እህቶቻችን ግን በጣቶቻቸው ውስጥ ጥበብም ይዘው ተመልሰዋል። ለዚህ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም፤ እኔ አመሰግናለሁ!

ከዚያ ወዲህ ክር ባየሁ ቁጥር ቅንድብ ነው የሚታየኝ። እኛ አገር ደግሞ ክር የማይታይበት ቦታ የት አለ? ጥጥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ባለው ቆላ ይበቅላል። አርባ ምንጭ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የሚጠማዘዘውን መንገድ የያዘ ሰው፣ አባያን ከኋላው ቁልቁል እያየ፣ ብርዱ ሲጀምረው ዶርዜ ይደርሳል። እዚያ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ዱንጉዛ የሚባለው ሸማቸው በቀዩ፣ በቢጫውና በጥቁሩ መስመር ከሩቅ ይጣራል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ የምንገዛውን ነጠላና ጋቢ የሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዚሁ ከጋሞ ተራራ የወረዱ እጆች ናቸው። በክር የሚኖር አገር ነው! እኛ ግን ቅንድባችንን በምላጭ እየፋቅን ነበር።

ዶርዜ የወጣሁ ቀን አንዲት እናት በቀርከሃ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርት ሲያሾሩ አገኘኋቸው። ዝም ብዬ ላልፍ? እንዴት ብዬ!

«እማማ፣ በዚህ ክር እኮ ቅንድብ ይሠራል» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ክር ለጋቢ ነው እንጂ ለፊት ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

ከቦርሳዬ ክሬን አውጥቼ ክንዴ ላይ ያለችውን ለስላሳ ጸጉር ሳነሳ አሳየኋቸው። ሳቃቸውን አቆሙ። ክሩን ከእጄ ተቀበሉና ሳልነግራቸው አከረሩት፤ ሳልነግራቸው ወጠሩት፤ አንዱን እጅ ከፍተው ሌላውን ሲዘጉ ጥምዝምዙ ወዲያና ወዲህ ሮጠ! እኔ ስንት ጊዜ እያላላሁና እየበጠስኩ የተማርኩትን እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ ያዙት። ዕድሜ ልኩን ክር ሲያከርር የኖረ ጣት መወጠርና ማላላቱን፣ የት ላይ እንደሚበጠስ ሳይቀር፣ ከእኔ በላይ ያውቃል። በደስታ ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። በየቤቱ፣ በየደጃፉ እንዝርት የሚያሾሩ እናቶች ሁሉ ግማሹን ሙያ አስቀድመው ይዘውታል ማለት ነው!

የትኛው ክር ይሻላል የሚለውንም እዚያው ነው የተረዳሁት። ሸማኔ ድርና ማግ ይለያል። ድሩ ውጥረቱን መቻል ስላለበት ጠንከር ብሎ የከረረ ነው፤ ማጉ ላላ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። ለቅንድብ የምንፈልገው የድሩን ጠባይ ነው፤ ቀጭን፣ የከረረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። የእጅ ፈትል ውበቱ አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ማለቱ ነው፤ ጋቢ ላይ ነፍስ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ቅንድብ ላይ ግን ወፍራሙ ቦታ ያልፈለጋችሁትን ጸጉር ይዞባችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ተራውን የጥጥ የስፌት ክር ግዙ። ጥጥ መሆኑን ካላመናችሁ ቁራጭ ቆርጣችሁ አንድዱት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበንን ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ፖሊስተሩ ያዳልጣል፤ ጸጉሩን አይጨብጥም፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትወጥሩት ደግሞ ጣትም ቆዳም ይቆርጣል። ጥጡ ግን ሸካራነቱ ነው ጉልበቱ፤ ጸጉሩን አንቆ ይይዘዋል። በአንድ ጥቅል ስንት ጊዜ እንደምትሠሩ ስታስቡት ትገረማላችሁ፤ እናት፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ሁሉ ተሠርቶበት የሚተርፍ ነው።

አሁን እጃችሁን አምጡ።

ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ቁረጡና ሁለቱን ጫፎች ቋጥራችሁ ቀለበት አድርጉት። ብቻችሁን ስትሠሩ ጫፉን በጥርስ ከመንከስ ይልቅ ይህ ይቀላል፤ ፊታችሁን እንደልብ ታዞራላችሁ። ቀለበቱን በሁለቱም እጆች ጣት ወጥራችሁ ያዙና አንዱን እጅ ስድስት ሰባት ጊዜ አዙሩ። መሐሉ ይከራል። አሁን ቀኝ ጣቶቻችሁን ክፈቱ፣ ግራዎቹን ዝጉ፤ ከዚያ ግራዎቹን ክፈቱ፣ ቀኞቹን ዝጉ። ጥምዝምዙ ሲመላለስ አያችሁ? ያ ነው ሙያው፤ የቀረው ልምምድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊታችሁን አትንኩ። እግራችሁ ላይ፣ ከጉልበት በታች ተለማመዱ፤ ክሩ ሲጨብጥና ሲስት ስሜቱን እጃችሁ ይማር።

ቅንድብ ላይ ስትመጡ የምታነሱት ጸጉር በሁለቱ ክሮች መሐል ባለው ክፍት ቦታ ይግባ፤ ጥምዝምዙም ወደ ጸጉሩ እንዲሮጥ ሌላኛውን እጅ ክፈቱ። አካሄዱ ጸጉሩ ከሚበቅልበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሁን። ቆዳው ካልተወጠረ ይቆነጥጣል፤ ሁለቱ እጆቻችሁ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። መላው ምን መሰላችሁ? የምትሠሩበትን ዓይን ጨፍናችሁ ያንኑ ቅንድብ ወደ ላይ መስቀል! የዓይን ቆባችሁ ይወጠርላችኋል፣ ሌላኛው ዓይን መስታወቱን ያያል። ይህን ለብቻዬ ያገኘሁ ቀን ክፍሌ ውስጥ አጨብጭቤያለሁ።

ከማንሳት በፊት ግን መለካት። ቀጭን ብዕር ወይም እርሳስ ውሰዱና ከአፍንጫችሁ ክንፍ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙ፤ ቅንድብ የሚጀምረው እዚያ ነው። እርሳሱን ከአፍንጫው ክንፍ ሳታነሱ በዓይናችሁ ብሌን የውጭ ጠርዝ በኩል እንዲያልፍ አዘንብሉት፤ ከፍተኛው ቦታ፣ ጉብታው፣ እዚያ ላይ ነው። አሁንም ወደ ውጭኛው የዓይን ማዕዘን አዘንብሉት፤ ጭራው እዚያ ያበቃል። ሦስቱን ቦታዎች በቅንድብ እርሳስ ምልክት አድርጉና የምትፈልጉትን ቅርጽ ቀብታችሁ ሙሉት። ከቀለሙ ውጭ የቀረው ብቻ ይነሳል። ከሥር ጀምሩ፤ የላይኛውን ጠርዝ ብትተዉት ይሻላል፤ የቅንድቡን ከፍታ የያዘው እሱ ነው። ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ ትንሽ እያላችሁ እየተፈራረቃችሁ ሂዱ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ለማስተካከል ሲባል ሁለቱንም ያሳጣል። በየመሐሉ ደግሞ ከመስታወቱ ራቅ በሉ! ሰው እናንተን በአንድ ሜትር ርቀት ነው የሚያያችሁ እንጂ አፍንጫው መስታወት ነክቶ አይደለም። ሁለቱ ቅንድቦች ፍጹም አንድ ዓይነት እንዲሆኑም አትድከሙ፤ ተፈጥሮም አንድ ዓይነት አድርጋ አልሠራቻቸውም።

ሲያልቅ በታጠበ የማስካራ ብሩሽ ጸጉሩን ወደ ላይ አበጥሩና ከመስመሩ አልፎ የወጣውን ጫፍ ብቻ በትንሽ መቀስ ክርክም አድርጉ። ወፍራም ቅንድብ ላላቸው ይህች ብቻዋ ተአምር ትሠራለች፤ አንዳንዴ አንድም ጸጉር መንቀል ሳያስፈልግ ፊት ይበራል።

ስለ ንጽሕናው ሳላነሳ ባልፍ ሥራዬ ጎደሎ ይሆናል። እጅና ፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ቆዳው ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ክሩ ያዳልጣል። ክሩ ከአንድ ሰው በኋላ ይጣላል። ይጣላል! ወረንጦና ምላጭ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፊት ወደ ፊት ሲዞሩ ደም የነካው ነገር ይዘው ሊዞሩ ይችላሉ፤ አንዳንድ የጉበት ቫይረሶችም ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ። ቁራጭ ክር ግን ለመጣል ማንም አይሰስትም። ለዚህ ብቻ እንኳ ክርን ብትመርጡ ትክክል ናችሁ። ምላጭ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው፤ ጸጉሩን ከቆዳው ገጽ ላይ ስለሚቆርጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጫፉ ደንደን ብሎ ብቅ ይላል። ጸጉሩ በዝቶ አይደለም፤ የተቆረጠ ጫፍ ስለሆነ ነው የሚሻክረው። በክር የወጣው ከሥሩ ስለሆነ ሲመለስ በቀጭኑ ጫፉ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፋታ ይሰጣል።

ከሥራው በኋላ መቅላትና ማቃጠል የተለመደ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። እሬት ካላችሁ ከቅጠሉ ውስጥ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ብቻ ቀቡ፤ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳ ስለሚያስቆጣ በደንብ አንጠፍጥፋችሁ አጥባችሁ አስወግዱት። እንደ እኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት መተው ይቀናዋል፤ ስለዚህ የአርባ ምንጭን ፀሐይ በማግሥቱ ካልሆነ አታሳዩት። ማታ ሠርቶ መተኛት ይመረጣል። ፊት ማቅያ ክሬም የምትቀቡ፣ ወይም ለብጉር ቆዳ የሚልጥ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ከሆነ ግን እባካችሁ ቆዩ። በእነዚህ የሳሳ ቆዳ በክርም በሰምም ይላጣል። ቁስል ወይም ብጉር ያለበትን ቦታ ዝለሉ።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምናችኋለሁ፤ አታቅጥኑት! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹና 30ዎቹ የሆሊዉድ ተዋንያን ቅንድባቸውን አንድ መስመር እስኪቀረው ያቀጥኑት ነበር፤ በ1990ዎቹም ያው ወግ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ደጋግመው የነቀሉ ብዙ ሴቶች ዛሬ ጸጉሩ እምቢ ብሏቸው በቀለም ይሞላሉ፤ ሥሩ በየጊዜው ከተጎተተ መብቀሉን ሊተው ይችላልና። የሚመለሰውም ቢሆን ወራት ያስጠብቃል። ለእኛ ለቆላ ሰዎች ደግሞ ቅንድብ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከግንባር የሚወርደው ላብ ቅንድብ ላይ ደርሶ በጎን በኩል ወደ ጆሮ ይታጠፋል እንጂ ዓይን ውስጥ አይገባም። ቅንድብ በቤት ላይ እንዳለ የጣሪያ አሸንዳ ነው! አሸንዳውን ማን ነቅሎ ይጥላል? ያው ሙቀት የእርሳሱንና የቀለሙን ነገርም ይፈርድበታል። ጠዋት በእርሳስ ወይም በኩል የተሳለ ቅንድብ ከሰዓት ጉንጭ ላይ ይገኛል። በራሱ ጸጉር ቅርጽ የያዘ ቅንድብ ግን ላብም ዝናብም አይፈራም፤ ጫሞ ላይ አዞ ልታዩ በጀልባ ብትወጡና ውሃው ቢረጫችሁ እንኳ ያው ነው።

ይህን ያህል ስለ ሁለት መስመር ጸጉር መጮኼ የሚያስገርማችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በወጣ ጥናት፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የታወቁ ሰዎችን ፎቶ ወስደው ከአንዳንዱ ላይ ዓይንን፣ ከአንዳንዱ ላይ ቅንድብን አጠፉ። ሰዎች ፊቱን ለመለየት ይበልጥ የተቸገሩት ዓይኑ ሲጠፋ ሳይሆን ቅንድቡ ሲጠፋ ነበር! ዓይን ከሌለው ፊት ይልቅ ቅንድብ የሌለው ፊት ባዕድ ይሆናል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፃውያን ሲጽፍ፣ የቤታቸው ድመት ስትሞትባቸው ሐዘናቸውን የሚያሳዩት ቅንድባቸውን በመላጨት ነው ብሏል። ሐዘን ፊት ላይ እንዲታይ ከተፈለገ የት መንካት እንዳለበት ያኔም ይታወቅ ነበር።

እኛማ በቅንድብ እንናገራለን! አንድ ሰው «ትመጫለሽ?» ሲለን አፋችንን ሳንከፍት ቅንድባችንን ሰቅለን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ ካደረግን እሺ ብለናል ማለት ነው፤ የሌላ አገር ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለን ወዳጅ በቅንድብ ሰላም እንላለን። እናት እንግዳ ፊት ልጇን የምትቆጣው በቅንድቧ ነው። የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ሥዕል ተመልከቱ፤ ሰዓሊው ትልልቆቹን ዓይኖች በጥቁር፣ ሙሉ፣ ደጋን በሠራ ቅንድብ ነው የሚያጅባቸው። ቅንድብ ማሳመርን የትናንት ፋሽን ነው የሚለኝ ካለ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ቅዱሳን ቀና ብለው እያዩት ነው!

ስለዚህ የማስተካከሉ ነገር የራስን ቅንድብ አጥፍቶ የሌላ ሰው መሳል መሆን የለበትም። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ጥሩ የክር ሥራ ማለት ሰው ዓይቶ «ቅንድብሽን ምን አደረግሽው?» ሳይሆን «ምነው አማረብሽ?» የሚልበት ነው። አፍንጫ ላይ የተጋጠመ ቅንድብ ያላቸውም ለማለያየት አይጣደፉ። ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካሎ የራሷን ምስል በሣለች ቁጥር የተጋጠመ ቅንድቧን ሳትደብቅ ሣለችው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በእሱ ነው። በእምነቷ ምክንያት ቅንድቧን የማትነካ ሴትም አለች፤ ለእሷ ብሩሹና ንጽሕናው በቂዋ ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለባትም። ወንዶችም ብትሆኑ አትሽሹ! ጸጉር አስተካካይ ቤት ገብታችሁ ቅንድባችሁን በምላጭ ከምታስነኩ፣ ከመሐል የወጡትን ሁለት ሦስት ጸጉሮች እህታችሁ በክር ታንሳላችሁ።

በክር ጠራርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በየቀኑ መስታወት ላይ አትጣበቁ። ቅርጹን የሚያበላሸው ብቅ ያለችውን ሁሉ እያሳደዱ መንቀል ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት፤ ጸጉሩ እኩል ይውጣ፤ ያኔ መስመሩ ራሱ የት እንደነበረ ያሳያችኋል፤ ክሩም በደንብ ይጨብጠዋል። በመሐሉ ማታ ማታ አንድ ጠብታ የጉሎ ዘይት ወይም ቫዝሊን በብሩሽ ማስያዝ ጸጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ተኝቶ እንዲያድርም ያደርገዋል። ዘይቱ ጸጉር ያበቅላል ብለው ለሚምሉላችሁ ግን ጆሮ አትስጡ፤ የሳሳውን የሚመልሰው አለመንካት ነው።

የመስቀልን ሰሞን አስቡት። ጋሞ ውስጥ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔው፣ ከየከተማው ልጁ ሁሉ ሽቅብ ወደ ተራራው ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ አደባባዩ ይሞላል፣ አዲስ ጥበብ ይለበሳል። በዚያ ሳምንት ጸጉር ቤቱ ሁሉ ሰልፍ ነው፤ ወንበር አይገኝም፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ቅንድብ ያጠፋል። እናንተ አትሰለፉ! ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድማችሁ፣ ማታ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ እህቶቻችሁንና የአክስቶቻችሁን ልጆች አንድ መስታወት ፊት ሰብስቡ፤ ለእያንዳንዷ የየራሷን ክር ቁረጡ፤ አንዷ ቆዳ ትወጥር፣ አንዷ ታክርር፣ አንዷ እርሳሱን ይዛ ትለካ። መቅላቱ በማግሥቱ ይጠፋል፤ የተረሳች ጸጉር ካለች ለማንሳት አንድ ቀን ይተርፋችኋል። ክሩ ደግሞ የጥጥ መሆኑን አንድዳችሁ ሳታዩ አትጀምሩ!